አንቴና ኃይል አይፈጥርም፦ ዋይፋይን ወደ ጎረቤት ቤት ስለመውሰድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንቴናውን ብቻ በትልቅ ቀይርልን፤ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል።» ኔትወርክ መዘርጋት ሥራዬ ስለሆነ ይህን ከሰላምታ ቀጥሎ እሰማዋለሁ። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ አንቴናውን ቀድሞ ከመርካቶ ገዝቶ ጨርሷል፤ ግማሽ ሜትር የሚያህል ዱላ፣ ማሸጊያው ላይ በደማቅ ቀለም ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት። የእኔ ድርሻ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማጥበቅ ብቻ ተደርጎ ተቆጥሯል። ምክር የሚጠየቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ልጅ ለእናቱ፣ ወንድም ለእኅቱ፣ አከራይ ለሰርቪስ ቤት ተከራዩ መስመሩን ማካፈሉ የሚደገፍ ነገር ነው። የሚያናድደኝ ሥራው ሁሉ በአንድ የተሳሳተ እምነት ላይ መመሥረቱ ነው።

እምነቱም «አንቴና ኃይል ይጨምራል» የሚለው ነው። አይጨምርም። ተራ አንቴና ቅርጽ የተሰጠው ብረት ነው፤ ሶኬት ላይ አይሰካም፣ ባትሪ የለውም፣ ታዲያ ኃይሉን ከየት ያመጣዋል? የቤት ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በተለመደው የዋይፋይ ሞገድ ድግግሞሽ፣ የሚያሠራጨው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊዋት አካባቢ ነው፤ የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ማለት ነው። የፈለገውን ያህል ውድ አንቴና ቢታሰርበት ከዚህ የበለጠ አይወጣም። አንቴና የሚያደርገው ወደ ሰማይና ወደ መሬት ሊባክን የነበረውን ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን መግፋት ነው። አትክልት የሚያጠጣ ሰው የጎማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሲያጠበው ውሃው ራቅ ብሎ ያርፋል እንጂ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ አይበዛም።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው በዲቢአይ ሲሆን፣ የሚናገረውም ይህንኑ የመሰብሰብ መጠን ነው። በ3 በጨመረ ቁጥር በዚያ አቅጣጫ የሚሄደው እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሲጨምር አሥር እጥፍ። ነገር ግን በአንዱ በኩል የበዛው ከሌላው በኩል ተወስዶ ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን የሚሸፈነው ቦታ ይጠባል። ይህን ሻጩ አይናገርም። ዱላ መሳዩ አንቴና ዙሪያውን እኩል ማሠራጨቱ እውነት ነው፤ ትርፉን የሚያገኘው ግን ከላይና ከታች ቀንሶ ነው። 12 ዲቢአይ የሚባለው ዱላ ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው ማዕዘን 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ይህንኑ 12 ዲቢአይ ዱላ ባለ ሁለት ፎቅ ቤታቸው ሰገነት ላይ አስተክለው ጠሩኝ። ዋይፋዩ የተፈለገው ከአጥር ማዶ፣ ምድር ላይ ባለች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ለሚኖሩት እኅታቸው ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ሃያ ሜትር አይሞላም። መንገድ ተሻግሮ ከኮረብታው ላይ ካለው ሱቅ የዋይፋያቸው ስም ደምቆ ይታያል፤ እኅትየው ሳሎን ውስጥ ግን ድራሹ የለም። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ፎርጅድ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዕቃው ትክክለኛ ነው፤ ከእትዬ ጣሪያ በላይ አልፎ ነው የሚሄደው» አልኳቸው። ከሰገነቱ ወደ እኅትየው መስኮት ያለው ቁልቁለት ከ20 ዲግሪ በላይ ነበር። ዱላውን አውርደን፣ የዲቢአይ ቁጥሩ ያነሰ ትንሽ ጠፍጣፋ አንቴና ወደ መስኮቱ አዘንብለን ስንገጥም ነገሩ አለቀ። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሻጩ እንዳታለላቸው ነው የሚያምኑት።

የዚሁ እምነት ታናሽ ወንድም «ማጉያ ይገጠምለት» የሚለው ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ማጉያ በእርግጥ ኃይል ይጨምራል፤ ግን በዋነኛነት ከራውተሩ ወደ ስልኩ ለሚሄደው ነው። ስልኩ ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ መላክ አለበት፤ ምላሹ ካልተሰማ ራውተሩ ያንኑ ጥቅል ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። የስልክ ሬዲዮ ደግሞ ባትሪ እንዲቆጥብ ተደርጎ የተሠራ ደካማ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። ደንበኛው ኢንተርኔት አቅራቢውን መርገም ይጀምራል። አንቴና ቢያንስ በመላክም በመቀበልም እኩል ይረዳል፤ ከማጉያ የሚሻለው በዚህ ነው።

እንደ ጋሼ እኅት ቤት መስኮት ለመስኮት ካልሆነ በቀር ትክክለኛው አሠራር በሁለቱም ቤቶች ዕቃ መትከል ነው። ሬዲዮውና አንቴናው በአንድ ሣጥን የተሠሩ የውጭ መሣሪያዎች አሉ፤ የቲፒ ሊንክ ሲፒኢ210 እና ሲፒኢ510፣ የዩቢኪውቲ ናኖስቴሽን የዚህ ዓይነት ናቸው። አንዱ በዚህኛው ቤት ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ፣ ሌላው በዚያኛው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይተከላሉ። የመጀመሪያው ከራውተሩ ጋር በኬብል ይያያዛል፤ ሁለተኛው ጎረቤት ቤት ውስጥ ከሚቀመጥ ሌላ ርካሽ ራውተር ጋር። የጎረቤት ስልክ የሚገናኘው አጠገቡ ካለው ራውተር ጋር ይሆናል። በዚህ በሁለተኛው ራውተር ላይ አድራሻ የማደሉን ሥራ፣ ማለትም ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ማጥፋት አትርሱ። ሁለት አዳዮች ባሉበት ኔትወርክ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፤ ምክንያቱን ፍለጋ ቀን ይመሻል። ሁለቱንም የውጭ መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት አቋም ትከሉ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተጋደመ ሲግናሉ ሊዳከም ይችላል።

«ራውተሩ ሳሎን ይቀመጥ፣ አንቴናውን በኬብል ጣሪያ ላይ እናውጣው።» ይህ ብልህ የሚመስል፣ ግን ገንዘብ የሚበላ ሐሳብ ነው። ቀጭኑ የአንቴና ኬብል በ2.4 ጊጋኸርዝ በአንድ ሜትር ወደ 1 ዲቢ ገደማ ይበላል። በአሥር ሜትር 10 ዲቢ ማለት ነው፤ ከራውተሩ የወጣው ኃይል አንድ አሥረኛው ብቻ ነው ጣሪያ የሚደርሰው። 12 ዲቢአይ አንቴና ገዝታችሁ፣ አሥር ሜትር ቀጭን ኬብል ቀጥላችሁ የቀራችሁ 2 ዲቢአይ ነው፤ ከራውተሩ ጋር በነጻ ከመጣችው ትንሽ አንቴና አይበልጥም። ከዲሽ የተረፈ ኬብል የሚቀጥሉም አሉ፤ የቴሌቪዥን ኬብል የ75 ኦኸም ነው፣ የዋይፋይ መሣሪያ የሚፈልገው የ50 ነው። ጣሪያ ላይ መውጣት ያለበት ሬዲዮው ራሱ ነው። ከእሱ ወደ ሳሎን የሚወርደው ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ መረጃውን ሳያጓድል ያደርሳል፤ ለመሣሪያው የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክም በዚያው ኬብል መላክ ይቻላል።

«ጣሪያቸው ይታየኛል፤ ስለዚህ ይሠራል።» ላይሠራ ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይጓዝም፤ መሐሉ ያበጠ፣ ጫፎቹ የቀጠኑ ቦታ ይፈልጋል። በ100 ሜትር ርቀት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ይህ ቦታ መሐል ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው ወደ 1.8 ሜትር ይሰፋል። ቢያንስ ስድስት አሥረኛው ባዶ መሆን አለበት። በእኛ ሰፈር መሐል ላይ የሚገኘው ግን ምንድን ነው? የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ፣ ውሃ የሞላ ሮቶ፣ ባሕር ዛፍ። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ውሃ ይውጠዋል። በበጋ የተተከለ መስመር ክረምት ሲገባ የሚዳከመውም ብዙ ጊዜ ቅጠሉ በዝቶና ረጥቦ መሐል ስለሚገባበት ነው። አንድ ሜትር ተኩል የብረት ቧንቧ ገዝቶ አንቴናውን ከፍ ማድረግ አንቴና ከመቀየር ይረክሳል፣ ይሻላልም፤ ግን ቧንቧ ግዙ ስል የሚሰማኝ የለም።

«ዝናብ ዋይፋይ ያደክማል» የሚለውንም እዚሁ ልጨርሰው፦ በጎረቤት ርቀት ዝናቡ ራሱ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። በዝናብ የሚቋረጠው የዲሽ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ነው የሚሠራው። የእናንተ ዋይፋይ በዝናብ ከጠፋ ውሃ የገባበት ማገናኛ ፈልጉ።

«የእኔ ራውተር 5ጂ ነው።» ራውተሩ ላይ የተጻፈው 5ጂ በአብዛኛው 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው፤ ከአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ዝምድና የለውም። ግድግዳ የማለፍ አቅሙም ከ2.4 ያነሰ ነው። በሁለቱ ቤቶች መሐል ምንም ካልከለለ ግን ለሁለት ቤቶች ማገናኛ 5 ጊጋኸርዝን እመርጣለሁ፤ በተለይ ኮንዶሚኒየም አካባቢ 2.4 ተጨናንቋል፣ ሳይደራረቡ የሚሠሩትም ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11።

«ስምንት አንቴና ያለው ሁለት እጥፍ ይደርሳል።» አይደርስም። የአንቴናዎቹ መብዛት በዋነኛነት ፍጥነትን ነው የሚጠቅመው።

«የድሮ ዲሽ ላይ ቢታሰርስ?» ይኼኛው እንኳ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። 90 ሳንቲ ሜትር ሳህን በ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 24 ዲቢአይ ገደማ ይሰበስባል። ግን ፊቱ ላይ ያለው የቴሌቪዥን መቀበያ ለዋይፋይ ምንም አይሠራም፤ ተነሥቶ በቦታው የዋይፋይ አንቴና መግባት አለበት። የሚሸፍነው ማዕዘንም ወደ 10 ዲግሪ ስለሚጠብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ አገር የሚሸጠው ሳህን አብዛኛው መቀበያው ከሥር ወጣ ብሎ የሚገጠምለት ስለሆነ፣ ወደ ጎረቤት በትክክል ሲነጣጠር መሬት የሚያይ ይመስላል። ሰው ደግሞ አላስችል ይለውና ቀና ያደርገዋል።

«ዋይፋይ ከ100 ሜትር አያልፍም» የሚሉም አሉ። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ እና ባልደረቦቹ ቬኔዝዌላ ውስጥ ከአንድ ተራራ አናት ወደ ሌላው በዋይፋይ 382 ኪሎ ሜትር አገናኝተዋል። ለቤት የሚሸጥ ራውተር ነበር የተጠቀሙት፤ ሶፍትዌሩን ለርቀቱ አስተካክለው፣ አንቴናዎቹን ከፍታ ላይ አቁመው፣ መሐሉ ባዶ ሆኖላቸው። የእናንተን ዋይፋይ የሚያቆመው ከርቀቱ ይልቅ ግድግዳው ነው።

ስለ ሪፒተር፣ ማለትም ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ ስለሚያሠራጨው ዕቃ፦ ምልክቱ በደከመበት ቦታ የተቀመጠ ሪፒተር የሚደግመው ያንኑ ድካም ነው። በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚልክ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

የዋይፋዩን ስም መደበቅ ጥበቃ አይደለም፤ ተራ የስልክ መተግበሪያም ኔትወርኩ መኖሩን ያሳያል። ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን የዋይፋይ መቆለፊያ ተጠቀሙ፤ የይለፍ ቃሉንም የስልክ ቁጥራችሁ አታድርጉት። ለጎረቤት የእንግዳ ኔትወርክ ለይቶ መስጠት ይቻላል፤ የቤታችሁ ካሜራና ፕሪንተር ለሁሉም ክፍት መሆን የለባቸውም።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝን ልናገር። አጥር ብቻ የሚለያችሁ ከሆነ አንቴናውን ተዉትና ኬብል ዘርጉ። ሰው «የዘመኑ ቴክኖሎጂ» ፈልጎ የሠላሳ ሜትር ኬብል ሥራ ወደ ጣሪያ ይወስደዋል። ለውጭ የተሠራ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ንጹሕ መዳብ የሆነ የኔትወርክ ኬብል ግዙ፤ መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ግን በተለይ ኤሌክትሪክ ሲላክበት ያስቸግራል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ቅበሩት። የምፈራው መብረቅን ነው፤ በክረምት ሁለት ቤቶችን ያገናኘ መዳብ አንዱ ቤት አጠገብ በወረደ መብረቅ የሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። አቅም ካለ ፋይበር ይዘርጋ፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጣሪያ ላይ አንቴና የተከላችሁም ቢሆን የብረት ቧንቧውን ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ አያይዙት።

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ለምን ይዘገያል?» 10 ሜጋቢት ለከፈለ ሰው አንቴና 20 አያደርግለትም። ጎረቤት ማታ ፊልም ሲከፍት የሚጠጣው ከእናንተው ድርሻ ነው፤ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የፍጥነት ገደብ አብጁለት። ከዘመድ ጋር መካፈል አንድ ነገር ነው፣ ለሰፈሩ በወር እየተከፈለ መሸጥ ሌላ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በፈቃድ የሚሠራ ሥራ አድርጎታል። ከአቅራቢው ጋር የተፈረመውን ውልም ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡት።

በመጨረሻ መብራት። «እኛ ጋ ቢጠፋም ጎረቤት ጋ ካለ ይሠራል» ይላሉ። አይሠራም፤ ከሁለቱ አንዱ ቤት ከጠፋ መስመሩ ተቋርጧል። ሁለቱ ቤቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ደግሞ የሚቋረጥባችሁ ጊዜ ይደመራል። የውጭ መሣሪያው የሚፈልገው ከአሥር ዋት ያነሰ ስለሆነ ለራውተር የሚሸጠው ትንሹ ባትሪ ይበቃዋል፤ ስትገዙ ግን የመሣሪያውን ቮልት አይታችሁ ግዙ፤ ብዙዎቹ የውጭ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፣ የራውተሩ ባትሪ 12 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አይሆንም።