በጅማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ ካቶሊካውያን ወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠው በቁምስና (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ሲሆን፣ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ስለሚደነግግ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን እንዲያቋቁሙ ስለሚፈቅድ፣ ኃላፊነቱ በካህናት፣ በደናግልና በምእመናን መምህራን ላይ ይወድቃል።

ካቶሊካዊ ስብከት ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘለቀው በ19ኛው መቶ ዘመን የካፑቺን መነኮሳት ማኅበር ሚሲዮናዊ በሆኑት በጉሊየልሞ ማሳያ ዘመን ነው። ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1867 የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው አሳትመዋል፤ ሰውን በሚናገርበት ቋንቋ የማስተማር ጥያቄ በዚህ አካባቢ የቆየ መሆኑን ይህ ሥራ ያሳያል። የዛሬው የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ1994 ከነቀምቴ ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጳጳስ ወደሚመራ ደረጃ አድጓል።

ለትምህርቱ መሠረት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው “የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ” የተባለው መጽሐፍ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ምሥጢራት፣ ክርስቲያናዊ ሕይወትና ጸሎት በሚሉ አራት ክፍሎች ተደራጅቷል። ይህን ይዘት በጥያቄና መልስ ማስጠናት ለሕፃናት ይበቃ ይሆናል፤ ለ16 ዓመት ተማሪ ግን አይበቃም። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ዝግመተ ለውጥ ተምሮ የመጣ ወጣት የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲያነብ መጠየቁ አይቀርም። የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የሆነው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ድንጋጌ አንባቢው የጽሑፉን ዓይነትና የጸሐፊውን ሐሳብ እንዲመረምር፣ ክፍሉንም ከመላው መጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ ክርስቲያን ሕያው ትውፊት ጋር አያይዞ እንዲረዳ ያስተምራል። ተማሪው ይህን የአነባበብ ሥርዓት ካልያዘ፣ የተቀረው ነገረ መለኮት ለፈተና የተሸመደደ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ካቶሊካውያን ጥቂት በሆኑባት በጅማ አንድ ወጣት ከሙስሊም፣ ከኦርቶዶክስና ከፕሮቴስታንት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ዴስክ ስለሚቀመጥ፣ ጥያቄው የሚነሣው ከመምህሩ በፊት ከጎረቤቱ ነው። የፕሮቴስታንት ጓደኛው ምስልን የሚከለክለውን ሁለተኛ ትእዛዝ ካቶሊኮች እንዳወጡት ሊነግረው ይችላል። መምህሩ ዘጸአት 20ንና ዘዳግም 5ን ጎን ለጎን አስከፍቶ ቃሉ በቦታው መኖሩን፣ የካቶሊክ አቆጣጠር የጣዖትን ክልከላ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር አንድ አድርጎ የመጨረሻውን “አትመኝ” የሚለውን ትእዛዝ ለሁለት እንደሚከፍል ካሳየ ጉዳዩ በንባብ ይፈታል። ለሙታን ስለሚቀርብ ጸሎት ሁለተኛ መቃብያን 12 ሲጠቀስ ደግሞ 66 መጻሕፍት ያሉትን የፕሮቴስታንት መጽሐፍ ቅዱስ እትም የያዘው ተማሪ ክፍሉን አያገኘውም። የካቶሊክ ቀኖና (የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር) 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና 81 መጻሕፍትን እንደሚይዝ፣ በ66ቱና በ73ቱ መካከል ያለው ልዩነትም በብሉይ ኪዳን ዙሪያ ከሚነሣ ጥንታዊ ጉዳይ እንደሚመጣ ማስረዳት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሙስሊሙ ጓደኛ ስለ ሥላሴ ሲጠይቅ፣ ካቶሊካዊው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ አምላክ እንደሚያምን አጥርቶ መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የጉባኤው መግለጫ ሙስሊሞች ኢየሱስን እንደ ነቢይ እንደሚቀበሉና ማርያምን እንደሚያከብሩ በአክብሮት ያነሣል። ስለዚህ ጎረቤትን የሚያንቋሽሽ ምላሽ የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ራሱን ይቃረናል።

ከክፍሉ ውጭ ተማሪውን በየሳምንቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚያገናኘው የእሑድ ቅዳሴ ነው። በጅማ በሚሠራበት በላቲን ሥርዓት (በሮማ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ሥርዓት) የእሑድ ንባባት በሦስት ዓመት ዑደት የተደለደሉ ሲሆኑ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ በየተራ አንድ አንድ ዓመት ይይዛሉ፤ ዮሐንስ በተለይ በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ወቅት ይነበባል። በመሆኑም 9ኛ ክፍል ላይ የጀመረና ሳያቋርጥ የሚያስቀድስ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ሳያጠናቅቅ ዑደቱን ይጨርሳል። መምህሩ የሳምንቱን ወንጌል አስቀድሞ ቢያስነብብ ትምህርቱና ቅዳሴው ይደጋገፋሉ።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና ካለፉት አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ተማሪ በዚያ ያሉ ካቶሊካውያን በግእዝ ሥርዓት ሲቀድሱ ያገኛል፤ ዜማው፣ የቅዳሴው አካሄድና የጾሙ ሥርዓት ከለመደው ይለያል። ስለዚህ ሁለቱ ሥርዓቶች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን በጅማ ሳለ ሊማር ይገባዋል።