ፎልፎክስ እና ፎልፊሪ፦ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር የሚሰጡ ሁለት የመድኃኒት ጥምረቶች

ፎልፎክስና ፎልፊሪ ከትልቁ አንጀት ወይም ከፊንጢጣ ተነስቶ ወደ ጉበት፣ ሳንባ ወይም ሌላ አካል ለተዛመተ ካንሰር የሚሰጡ የኬሞቴራፒ ጥምረቶች ናቸው። የሁለቱም መሠረት ፍሎሮዩራሲልና ሉኮቮሪን ነው። ኦክሳሊፕላቲን ሲታከልበት ፎልፎክስ፣ ኢሪኖቴካን ሲታከልበት ፎልፊሪ ይሆናል።

ፍሎሮዩራሲል ከ1957 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ይታወቃል። ኦክሳሊፕላቲን በ1976 ጃፓን ናጎያ ውስጥ ተሠራ። ታማሚው አልጋ ድረስ ያደረሱት ግን ፈረንሳዮች ናቸው፤ ይህ ሊነሳላቸው ይገባል። አወሳሰዱንም ያቀለሉት እነሱ ናቸው። ታማሚው ሆስፒታል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ይንጠባጠብለታል። ከዚያ ትንሽ ፓምፕ ወገቡ ላይ አንግቶ ቤቱ ይገባል። መድኃኒቱ ከአንገቱ በታች ቆዳው ሥር በተቀበረ ፖርት በተባለ ትንሽ የመድኃኒት መግቢያ በኩል ለ46 ሰዓት ቀስ እያለ ይገባለታል። በየሁለት ሳምንቱ ይኸው ይደገማል።

በ2000 የታተመው የፈረንሳዊው ሐኪም የደ ግራሞንና የባልደረቦቹ ጥናት 420 ታማሚዎችን ይዟል። ኦክሳሊፕላቲን ሲታከል በሽታው ሳይብስ የሚቆይበት ጊዜ ከ6.2 ወደ 9 ወር ከፍ አለ። በሕይወት በመቆየት በኩል ግን የ16.2 እና የ14.7 ወር ልዩነት በስታቲስቲክስ አሳማኝ አልሆነም።

ትልቁ ጥያቄ የቱ ይቅደም የሚለው ነበር። ዤርኮር የተባለው የፈረንሳይ የካንሰር ጥናት ቡድን በ2004 መልስ ሰጠ። 220 ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ፎልፊሪን አስቀድሞ፣ በሽታው ሲብስ ወደ ፎልፎክስ ዞረ፤ ሌላው በተቃራኒው። የመጀመሪያዎቹ 21.5፣ የኋለኞቹ 20.6 ወር በመካከለኛ ግምት ኖሩ። ጉልህ ልዩነት አልታየም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ጥናት ፎልፎክስ ቀድሞ የተለመደውን የኢሪኖቴካን አሰጣጥ በሕይወት በመቆየት 19.5 ለ15 ወር መብለጡን አሳየ። ሆኖም ተሸናፊው አሰጣጥ ፓምፑን አይጠቀምም ነበር። ደግሞም ፎልፎክስ ያልደረሳቸው ሰዎች ኋላ ኦክሳሊፕላቲን እንደልብ አላገኙም። ስለዚህ ክርክሩ አላለቀም ይላሉ አንዳንዶች።

ኋላ ቤቫሲዙማብና ሴቱክሲማብ የተባሉ ኢላማ ለይተው የሚሠሩ መድኃኒቶች በእነዚህ ጥምረቶች ላይ ተጨመሩ።

ምርጫው እንግዲህ በጎንዮሽ ጉዳት ይወሰናል። ፎልፎክስ እጅና እግር ያደነዝዛል። ታማሚው ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ሲነካ ጣቱን ይወረዋል፣ ቀዝቃዛ ሲጠጣ ጉሮሮው ይያዛል። መደንዘዙ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ በእጁ ለሚያድር ልብስ ሰፊ ወይም ጸሐፊ ከባድ ነው። ፎልፊሪ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል፣ ፀጉር ያረግፋል። ቢሊሩቢኑ (ጉበት ከደም የሚያጠራው ቢጫ ቀለም) ከፍ ላለ ታማሚም ኢሪኖቴካን አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱን ከሰውነት የሚያስወጣው ጉበት ነውና።