የልጅ ስም አወጣጥ በኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተሰብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድለት ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ያወጣል። አንዱ የመጠሪያ ስም ነው። ቤት፣ ትምህርት ቤትና መታወቂያ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ሌላው የክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ ሲያጠምቁ የሚጠሩት፣ በቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) መዝገብ የሚሰፍረው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ ቤተሰቦችም አሉ። እኛ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አንሞላም፣ ስለ ስም አወጣጣችንም አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ያለኝን እዚህ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ የየትኛው ሥርዓት፣ ማለትም የቅዳሴና የአምልኮ ወግ፣ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር እና ባሕር ዳር-ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከቶች ናቸው። ሐረር፣ መቂ፣ ሀዋሳ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ነቀምቴና ሌሎቹ የላቲን ናቸው። በላቲኑ በኩል ልጁ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲጠመቅ ይመከራል፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ዮሴፍ፣ ማርታ፣ ተሬዛ የመሳሰሉ የቅዱሳን ስሞች እንዳሉ ይወጣሉ።

በግዕዙ በኩል ስሙ ብዙውን ጊዜ ጥምር ነው። ገብረ ማለት አገልጋይ፣ ወልደ ልጅ፣ ወለተ ሴት ልጅ፣ አመተ ደግሞ ሴት አገልጋይ ማለት ነው። ኃይለ፣ ተክለ፣ ኪዳነ፣ ብርሃነ፣ ጸጋ፣ ሀብተም አሉ። ከኋላው የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የመልአክ ወይም የቅዱስ ስም ይከተላል። የእመቤታችንን ስም ከማክበር የተነሳ «ማርያም» የሚለውን ብቻውን ለሴት ልጅ ማውጣት በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ወለተ ማርያም ይባላል፣ ወይም ማሪያ።

ስሙን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ቀኑ ነው። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በምንጋራው ልማድ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። መስከረም 3 የተወለደ ወንድ ልጅ፣ የተወለደበት ቀን ከተቆጠረ፣ 40ኛው ቀኑ ጥቅምት 12 ላይ ይውላል። 12 ደግሞ ሚካኤል ነው። ገብረ ሚካኤል ወይም ወልደ ሚካኤል ቢባል ማንም አይገርመውም። መስከረም 2 የተወለደች ሴት ልጅ 80 ቀኗ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ነው። ወለተ ጽዮን እንዴት ያለ ስም ነው! ልጁ ከታመመ ግን ቀን አይጠበቅም፤ ወዲያው ይጠመቃል። ደህና ለሆነ ልጅም 40 እና 80 መጠበቅ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ላይ ሁሉም ቤተሰብ አይስማማም።

የሕጉ ነገር አጭር ነው። የ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) የላቲን ሕገ ቀኖና ቁጥር 855 ወላጆች፣ የክርስትና አባትና እናት እንዲሁም ቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ከክርስትና መንፈስ የራቀ ስም እንዳይወጣ እንዲጠነቀቁ ያዛል። የቅዱስ ስም የግድ ነው አይልም። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2156 ስሙ የቅዱስ፣ የክርስትና ምስጢር ወይም የምግባር ስም ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ትንሣኤ፣ ትዕግሥት፣ እምነት ሁሉም ይሆናሉ።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን ከነበሩበት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚታወሰው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ማስጠመቃቸውና ያ ያስነሳው ቁጣ ነው። በ1788 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ኢትዮጵያዊው ጦቢያ ገብረእግዚአብሔር ጳጳስ ሆነው ተቀቡ።

19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሌላ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ዓድዋ ገቡ። እንደ አገሬው ለበሱ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። ሕዝቡም «ያቆቢስ» የሚለውን ወደ ራሱ አፍ መልሶ አቡነ ያዕቆብ አላቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስም ይዞ የመጣው እንግዳው አልነበረም፤ ስም ያወጣለት ባለ አገሩ ነው። በ1841 የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ አቡን ለማስመጣት ወደ ካይሮ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር አቡነ ያዕቆብ አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ፣ በ1791 የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። መንገዱ እስከ ሮም ደረሰ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1851 ቅስና ተቀበሉ፣ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ። በ1926 ብፁዕ ተባሉ፤ ይህ ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ደረጃ ነው። የአቡነ ያዕቆብ ማኅበር የሆነው የቪንሴንሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ ወይስ ገና ሊገቡ ሲሉ አረፉ የሚለው ያከራክራል፤ ሰማዕትነታቸው ግን አያጠያይቅም። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖች ያን ዘመን በሌላ መልኩ ይተርኩታል። አቡነ ያዕቆብ በ1860 አርፈው በ1975 ቅዱስ ተባሉ።

ከዚህ ሁሉ ልብ በሉልኝ የምለው አንድ ነገር ነው። ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሲሆኑ ስማቸውን አልቀየሩም። ያው የጎጃሙ ስማቸው ነው ወደ ብፁዓን መዝገብ የገባው። «ካቶሊክ ስም የፈረንጅ ስም ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መልሴ ይኸው ነው። የጳጳሶቻችንም ስም ያው ነው፦ አሥራተ ማርያም፣ ብርሃነየሱስ፣ ተስፋሥላሴ፣ ልሳነክርስቶስ። የማርያም አሥራት፣ የኢየሱስ ብርሃን፣ የሥላሴ ተስፋ፣ የክርስቶስ አንደበት። እያንዳንዱ ስም ራሱን የቻለ ጸሎት ነው።

የቅዱስ ስም ለምትመርጡ አንድ ምክር አለኝ። የትኛው ቅዱስ እንደሆነ ወስኑ፣ ለቆሞሱም ንገሩ። እንጦንስ የግብፅ በረሃ መነኩሴ ነው፤ የፓዱዋው አንጦንዮስ ደግሞ ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ፍራንሲስካዊ ነው። ዮሐንስም መጥምቁ፣ ወንጌላዊው ወይም አፈወርቅ ሊሆን ይችላል። ልጁ አድጎ «የማን ስም ነው የተሰጠኝ?» ሲል መልስ ያስፈልገዋል።

ወረቀቱንም አትናቁት። የጥምቀት ምስክር ወረቀት ለቁርባንም ለጋብቻም ይጠየቃል። እዚያ ላይ ወለተ ማርያም፣ የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ሌላ ስም ከሆነ፣ ሁለቱም ስሞች መዝገቡ ላይ ጎን ለጎን እንዲጻፉ በዕለቱ ጠይቁ። ጥምር ስም ሲጻፍ ደግሞ አንድ ላይ ይያያዝ። ውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ስማቸው ለሁለት ተከፍሎ «ገብረ» የራሳቸው፣ «ማርያም» የአባታቸው ስም ተደርጎ ተመዝግቧል። ያን ማስተካከል ዓመታት ይፈጃል፤ ጥምቀቱ ዕለት ግን ጸሐፊው አጠገብ ቆሞ ማየት ብቻ ይበቃል።