የፖሊሲ ጥናት ምንድን ነው? መልሱን ባቲ ገበያ እንፈልገው

«ሶሲዮሎጂ ተምረህ ምን ልትሠራበት ነው?» ደሴ ውስጥ ማኅበራዊ ሳይንስ ያጠና ልጅ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ኢንጂነሩ ድልድዩን ያሳያል፣ ሐኪሙ ያዳነውን በሽተኛ። እኛስ? ሪፖርት! እኔ ቡና ላይ ስጠየቅ «የፖሊሲ ጥናት» እላለሁ። ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይሄዳል። የሚያስቀው፣ ሥራችን ያለው እዚያው የሽንኩርት ዋጋው ላይ ነው።

ፖሊሲ ማለት መንግሥት ስለ አንድ ችግር «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ የሚይዘው አቋምና ለዚያ የሚመድበው ገንዘብ ነው። የፖሊሲ ጥናት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ችግሩ በእርግጥ ምንድን ነው? ማንን ነው የመታው? አዲስ አበባ የተጻፈው መመሪያ ቀበሌ ሲደርስ ምን ይሆናል? ይህን የዝናብ መለኪያ አይመልስልህም። ገበያን፣ ልማድን፣ ሥልጣንን የሚያጠና ሰው ይፈልጋል፤ ኢኮኖሚስቱ፣ አንትሮፖሎጂስቱ፣ ጂኦግራፈሩ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ሰው፣ ሁሉም የሚገቡት በዚህ በር ነው።

አየር ላይ ያለ ወሬ እንዳይመስል የራሳችንን ላንሳ። የ66ቱን ረሃብ።

የሚታወቀው ታሪክ አጭር ነው። ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ። አማርትያ ሴን የሚባለው ኢኮኖሚስት፣ ራሱ በልጅነቱ በሕንድ የቤንጋልን ረሃብ ያየ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሃብ አነሣና ሌላ ነገር ጠየቀ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው ምግብ ያን ያህል አልቀነሰም። የወሎ ምርት ግን ክፉኛ ወድቋል። እና የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ? እህል የጠፋበት ገበያ ዋጋው ሰማይ ይነካል ብለህ ትጠብቃለህ። ብዙም አልጨመረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሄደ እህል ነበር። ሰው በሚራብበት አገር መንገድ እህል በመኪና እያለፈ።

ለምን? የተራበው ሰው መግዣ ስላልነበረው። ነጋዴ እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ነው የሚወስደው። የገበሬው ምርት ሲጠፋ ምግቡ ብቻ አይደለም የጠፋው፤ ገቢውም አብሮ ጠፋ። እህሉ በዓይኑ ፊት ቢሆንም የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ።

ወሎ ውስጥ ያለውን የባቲን ገበያ አስቡት። ሰኞ ነው፣ አፋሩ ከቆላ ፍየል ነድቶ መጥቷል። ፍየል ሸጦ ማሽላ ሊገዛ ነው፤ አርብቶ አደር የሚበላው ወተትና ሥጋ ብቻ ይመስለናል፣ ግን ከእህል ውጭ አይኖርም። በደህና ጊዜ አንድ ፍየል ብዙ ቁና ማሽላ ታስገኝለታለች እንበል። ድርቅ ሲመጣ ፍየሏ ከስታለች፣ በዚያ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሻጭ ሆኗል። ዋጋዋ ወደቀ። ማሽላው አንድ ሳንቲም ባይጨምር እንኳ ሰውየው ግማሽ ቁና ይዞ ይመለሳል። አፋሩ ላይ ደግሞ ሌላም ነበረበት፤ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር መሬት ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ተሰጥቶ ነበር። እሱን የመታው ድርቁ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፣ የመሬት ፖሊሲም ነበር።

ሸማኔውንም አትርሱ። ማሳ የለውም፣ ድርቁ በቀጥታ አልነካውም ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ገበሬው ምርት ሲያጣ መጀመሪያ የሚተወው ጋቢ መግዛት ነው። ሸማኔው እጁ ጤነኛ፣ መወርወሪያው እጁ ላይ እያለ ተራበ። ቤት ውስጥ የምታገለግለዋ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛው፣ እነዚህ ቀድመው ከተሰናበቱት ውስጥ ናቸው።

አሁን ፖሊሲውን ተመልከቱት። «እህል የለም» ካልክ መፍትሔህ እህል ማምጣት ነው። «መግዣ የለም» ካልክ ግን ለሰው ገንዘብ ወይም ሥራ ብትሰጥ ነጋዴው ራሱ እህሉን ይዞልህ ሊመጣ ይችላል። አንድ ረሃብ፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት የተለያየ በጀት። ሁሉም ከሴን ጋር አልተስማማም፤ የምርቱን መውደቅና የመንገዱን ችግር አሳንሶታል ያሉ ነበሩ። ይከራከሩ፣ ክርክሩም የሥራው አካል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን «ስንት ኩንታል ጎደለ?» ብሎ ብቻ ማቆም ከብዷል።

ወደ ሰባ ሰባቱ ረሃብ እንምጣ። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ ወሎ ውስጥ አምባሰል ላይ ገበሬው ረሃብን እንዴት እንደሚቋቋም አጠና። ከውጭ የሚታየው ሰው አስፋልት ዳር ሲፈስ ነው። ገበሬው ግን ወራት ሙሉ ሲታገል ቆይቷል፤ ማዕዱን ቀንሷል፣ የዱር ቅጠልና ሥር ቅሟል፣ በጉንና ፍየሉን ሸጧል፣ በሬውን እስከ መጨረሻው ለማትረፍ ሞክሯል። ቤቱን ዘግቶ መውጣት የመጨረሻው ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ሰው እስክታይ የምትጠብቅ መንግሥት ከሆንክ ዘግይተሃል። ቀድሞ የሚጮኸው ገበያው ነው፤ ዛሬ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የፍየልን ዋጋ ከእህል ዋጋ ጋር እያነጻጸሩ የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

ሴፍቲኔትን፣ ምግብ ለሚያጥረው የገጠር ሰው ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠውን የመንግሥት ፕሮግራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1997 ነው የተጀመረው። ያኔ እርከን እየሠራህ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ጥሬ ገንዘቡ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፣ ከላይ ያነሣነው ሐሳብ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በ2000 ላይ የእህል ዋጋ ፈነዳ። 6 ብሯ 3 ኪሎ መግዛት አቃታት። ተጠቃሚውን ሲጠይቁት፣ «እህል ይሻለናል» የሚለው በዛ፤ ክፍያውም ወደ 8 ብር ከፍ አለ። ጎበዝ ሐሳብም ቢሆን ገበያ ወርዶ ካልተፈተሸ እንዲህ ነው። (ደግሞ ከሴፍቲኔት መውጣት «መመረቅ» መባሉ! ጋዋን የለ፣ ፎቶ የለ፤ «ስንት አስመረቃችሁ?» የሚል ኮታ ሲወርድ ደግሞ ገና ያልቆመ ሰው ይመረቃል።)

ከሁሉ የምወደው ግን የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ምልመላ ነገር ነው። ቀበሌው ሰብስቦ «ከእናንተ ውስጥ ድሃው ማን ነው?» ይላል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ግን የተሰበሰቡት የአንድ ቅሬ ሰዎች ናቸው። (ለሌላ አገር ሰው፦ ቅሬ ወሎ ላይ እድር ማለት ነው።) ነገ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸከማል። ከእነዚህ መሀል አንዱ እህል ተቀብሎ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ሲገባ፣ የተቀበለው ቆንጥሮ ማካፈሉ አይቀርም። ለሪፖርት ጸሐፊው ይህ «ብክነት» ነው፣ እርዳታው ላልታሰበለት ሰው ሄደ። አንትሮፖሎጂስት ብትጠይቀው ኢንሹራንስ ነው ይልሃል፣ የዛሬ ቁንጥር የነገ ብድር ነው። ይህን የማያውቅ መመሪያ ሰዎቹን ያጣላል፣ ወይ ደግሞ ሰዎቹ ዝም ብለው በራሳቸው መንገድ ያርሙታል።

እና አብሽሩ፣ ሥራው እንደሚመስለው ቢሮ ውስጥ አያልቅም። ባቲ ገበያ ደብተር ይዘህ ገብተህ «ፍየሏ ስንት ናት?» ብትል የሚነገርህ የገዢ ዋጋ ነው፣ ያውም የከተሜ ገዢ። ያንን መዝግበህ ብትልክ ፍየል ተወዷል፣ ሁሉም ሰላም ነው ትላለህ። ስለዚህ ዳር ላይ ትቆማለህ፣ ክርክሩ ያልቃል፣ ብሩ ይቆጠራል፣ ፍየሏ ገመዷ እጅ ይቀይራል። ከዚያ ነው ሻጩን «በስንት ተለያያችሁ?» የምትለው።