የዳይሬክተሪ ሰርቨር ባክኤንድ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በምሠራበት ኮሌጅ አንድ መስከረም የአዲስ ተማሪዎችን ስም ወደ ዳይሬክተሪ ሰርቨሩ ስናስገባ ሥራው መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሰርቨሩ «ቦታው ሞልቷል» ይላል፤ ዲስኩ ግን ግማሹን እንኳ አልያዘም። ከሸዋ ሮቢት ቆላና ከመሐል ሜዳ ደጋ የመጡ ልጆች በብርዱ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰርቨሩን ስተክል አንድ ቁጥር ሳልሞላ ትቼዋለሁ። ያ ቁጥር የሚኖረው ባክኤንድ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው።

ዳይሬክተሪ ሰርቨር የአንድ ተቋም ሰዎች፣ ቡድኖችና መሣሪያዎች የሚመዘገቡበት ማእከል ነው። ተማሪው ኮምፒውተር ሲከፍት፣ መምህሩ ኢሜይሉን ሲያይ ማንነታቸው የሚረጋገጠው ከዚያ ነው። ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበት ሥርዓት ኤልዳፕ ይባላል፤ በነጻ ከሚገኙት ሰርቨሮች አንዱ ደግሞ ኦፕን ኤልዳፕ ነው። ኦፕን ኤልዳፕ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል፤ ፊት ያለው ጥያቄ ተቀብሎ ይመልሳል፣ ከጓዳ ያለው መረጃውን ያኖራል፣ ሲጠየቅም ያወጣል። ባክኤንድ የጓዳው ነው።

ዳታቤዝን «የመረጃ ቋት» ብለን መተርጎማችን እዚህ ላይ ደስ ይለኛል። ቋት የእህል ማኖሪያ ነውና። የመንዝ ገበሬ ገብሱን በጎተራ ወይም በጎታ ያኖራል፤ ገብሱ ያው ገብስ ነው፣ የሚለየው እርጥበት መቋቋሙና ሲፈለግ ለማውጣት መቅለሉ ነው። ባክኤንድ መምረጥም እንዲሁ ነው። የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል አይለወጥም፤ የሚለወጠው ፍጥነቱና መብራት ሲጠፋ የሚደርስበት ነገር ነው።

ኦፕን ኤልዳፕ ብዙ ዓይነት ባክኤንድ አለው። መረጃን በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚያስቀምጥ አለ፣ ራሱ ምንም ሳይዝ ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፍም አለ። ለተቋም ዋና መዝገብ ግን የሚያከራክረው ለረጅም ጊዜ ሁለት ብቻ ነበር፤ በርክሌይ ዲቢ በተባለ ቋት ላይ የቆመው አሮጌውና ኤምዲቢ የሚባለው አዲሱ።

አሮጌው ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ እንክብካቤው ግን ያደክማል። በራም፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ስንት መዝገብ እንደሚይዝ፣ ሁለት ሥራዎች አንዱን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግድ ስንት ቁልፍ እንደሚኖረው፣ እያንዳንዱ ለውጥ የሚጻፍበት የለውጥ መዝገብ መቼ እንደሚጸዳ፣ ሁሉንም አስተዳዳሪው መገመት ነበረበት። ድንገት ከቆመ ደግሞ ሲነሳ የለውጥ መዝገቡን ተከትሎ ራሱን መጠገን አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦፕን ኤልዳፕ 2.5 አሮጌውን ጨርሶ አስወጥቶታል። ስለዚህ ዛሬም በእርሱ የሚሠራ ሰው ሥሪቱን ከማሻሻሉ በፊት በአሮጌው ፕሮግራም ስላፕካት የተባለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ መረጃውን ወደ ጽሑፍ ፋይል ማውጣት አለበት። አዲሱ ሥሪት የአሮጌውን ፋይል መክፈት አይችልም።

ኤምዲቢ በ2011 እ.ኤ.አ. መጣ። ከሥሩ ያለው ኤልኤምዲቢ የተባለው ቋት ነው፤ የጻፈው የኦፕን ኤልዳፕ ዋና መሐንዲስ ሃዋርድ ቹ ነው። የዳታ ፋይሉን በሙሉ ራም ውስጥ እንዳለ አድርጎ ያያል፣ የትኛው ክፍል በራም እንደሚቆይ የሚወስነውም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር አጻጻፉ ነው። አዲስ መረጃ ሲመጣ አሮጌውን ገጽ፣ ማለትም መረጃው ያለበትን የፋይሉን ክፍል፣ አይሰርዝበትም፤ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፍና ሲጨርስ ብቻ «ከእንግዲህ መነሻው ይህ ነው» ብሎ ምልክቱን ያዞራል። ምልክቱ ሳይዞር መብራት ቢጠፋ አሮጌው ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ጥገና የለውም። በክረምት ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ፍጥነት ለመጨመር ብሎ የተጻፈውን ወዲያው ወደ ዲስክ ማጽናቱን የሚያጠፋውን ቅንብር ማንም እንዳይነካ እለምናለሁ። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ቢሆንም አንባቢዎች እርሱን አይጠብቁም፤ ዳይሬክተሪ ደግሞ አብዛኛው ሥራው ማንበብ ነው።

ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። ስሙ ማክስሳይዝ ነው፤ ቋቱ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይወስናል። ካልሞሉት 10,485,760 ባይት፣ ማለትም 10 ሜጋባይት ብቻ ነው። መጠኑ የሚጻፈው በባይት ስለሆነ አንድ ጊጋባይት ለመስጠት 1,073,741,824 ይጻፋል። በ64 ቢት ማሽን ላይ አለመሰሰት ነው፤ ቁጥሩ የአድራሻ ስፍራ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሊጠራቸው የሚችላቸውን የቦታ ቁጥሮች፣ ይይዛል እንጂ ያን ያህል ራም አይበላም። እኛም ቁጥሩን አሳድገን ሰርቨሩን ብናስነሳው ምዝገባው ቀጠለ። መረጃ ቢሰረዝ ግን ፋይሉ እንደማያንስ ይታወቅ፤ ባዶው ገጽ ለቀጣዩ ጽሑፍ ይውላል።

ሁለተኛው ቅንብር ኢንዴክስ ነው፤ መረጃው የት እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ ማለት ነው። ያለ ኢንዴክስ ሰርቨሩ አንድ ሰው ለማግኘት መዝገቡን ሁሉ ያገላብጣል። ለመግቢያ ስም የእኩልነት ኢንዴክስ፣ ማለትም ከተጠየቀው ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ የሆነውን የሚፈልገው፣ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የውጭ መመሪያዎችን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። እነርሱ ሰውን በቤተሰብ ስም ስለሚፈልጉ ኢንዴክሱን እዚያ ላይ ያበዛሉ። እኛ «አቶ ከበደ» ስንል የጠራነው ራሱን እንጂ አባቱን አይደለም፤ ስለዚህ በራስ ስምና በሙሉ ስም ላይ ይሁን። ከፊል ቃል የሚፈልገው ኢንዴክስ ቋቱን ስለሚያሰፋና መጻፍን ስለሚያዘገይ ለሙሉ ስም ብቻ እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ኢንዴክስም አይፈታውም። ለሰርቨሩ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ሁለት ሰዎች ናቸው፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት»ም እንዲሁ። ሙሉ ስም የሚጻፍበት መስክ ከአንድ በላይ ዋጋ ስለሚቀበል እኛ ሁለቱንም አጻጻፍ እናስገባለን፤ ልጅቷ በየትኛውም ብትፈለግ ትገኛለች።

ኢንዴክስ በቅንብር ፋይል ከተጨመረ ቀድሞ የገባው መረጃ በራሱ አይጠቆምም፤ ሰርቨሩን አቁሞ ኢንዴክሱን እንደገና የሚሠራውን ስላፕኢንዴክስ የተባለ ትእዛዝ ማስኬድ ያስፈልጋል። ሲያስኬዱም ሰርቨሩ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ይሁን። በዋናው አስተዳዳሪ ስም ከተሠራ አዲስ የሚፈጠረው ፋይል የእርሱ ይሆንና ሰርቨሩ በማግስቱ የገዛ ቋቱን መክፈት ያቅተዋል።