በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለአባቶች የሚሆኑ ርካሽ የትራንስፖርት አማራጮችና ድጋፎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአጎራባቹ ሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ «ለአባቶች» ተብሎ የተለየ የትራንስፖርት ቅናሽ የለም። ቅናሹ የሚሰጠው ገቢን፣ የልጅን ዕድሜ፣ የሥራ ቅጥርን፣ ሕመምን ወይም የመኖሪያ አድራሻን አይቶ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር አባት ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሁለት በሦስቱ ተመዝግቦ ቢጠቀም የወር ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል። ሦስቱ አስተዳደሮች ጎን ለጎን ቢሆኑም ደንባቸው ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ሰፈር ያለ ወንድም የሚሠራለት ነገር ድልድይ ተሻግሮ ላለው ላይሠራ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜትሮ፦ የጀርባ አጥንቱ

ሜትሮ የሚባለውን ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረው የአካባቢው ትራንስፖርት ባለሥልጣን በ1973 የግል የነበሩትን የአውቶቡስ ኩባንያዎች ተረከበ። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን የትራምና የግል አውቶቡስ ዘመን ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ የጀመረው መጋቢት 27 ቀን 1976 ሲሆን ያኔ በቀዩ መስመር 5 ጣቢያዎች ብቻ ነበሩት። በኋላ ኢትዮጵያውያን ንግድ ቤቶች በብዛት የሚታወቁበት የዩ ስትሪት ጣቢያ በ1991 ተከፈተ። የብርማው መስመር (ሲልቨር ላይን) ሁለተኛ ክፍል በኅዳር 2022 ሲመረቅ ባቡሩ ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ ገባ፤ ይህ በአየር ማረፊያው በጽዳት፣ በሻንጣ ጭነትና በሱቅ ለሚሠሩ በርካታ የቤተሰብ ኃላፊዎች ትልቅ ለውጥ ነበር። በ2023 ፖቶማክ ያርድ ሲጨመር የጣቢያዎቹ ቁጥር 98 ደረሰ። ለስፋቱና ለንጽሕናው በአሜሪካ ከተሞች መካከል አቻው ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2025 አጋማሽ በነበረው ታሪፍ የሜትሮ አውቶቡስ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ባቡሩ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ከ2 ዶላር ከ25 እስከ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ከ2 ዶላር ከ50 አያልፍም። በ2 ሰዓት ውስጥ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ወይም ከባቡር ወደ አውቶቡስ ሲቀየር የአውቶቡሱ ዋጋ በቅናሽ ይያዛል። ይህ የሚሆነው በአንድ ካርድ ሲነካ ብቻ ነው። ጠዋት ስማርትሪፕ በተባለው የሜትሮ መክፈያ ካርድ ገብቶ መንገድ ላይ በስልኩ የሚከፍል ሰው ሲስተሙ ሁለት ሰው ነው የሚያየው፤ ቅናሹም ይቀራል።

በ2025 ግንቦት ወር ደግሞ የባንክ ካርድን በቀጥታ አስነክቶ መግባት ተፈቅዷል። ለእንግዳ ምቹ ነው፤ ቅናሽ ላለው አባት ግን ወጥመድ ነው፤ ቅናሹ የተያያዘው ከስማርትሪፑ ጋር እንጂ ከባንክ ካርዱ ጋር አይደለምና ሙሉ ዋጋ ይቆረጣል። የኪስ ቦርሳውን ሳይከፍት ማሽኑ ላይ የሚያስነካ ሰው የትኛው ካርድ እንደተነበበለት ላያውቅ ስለሚችል ስማርትሪፑን ለይቶ መያዝ ይበጃል።

ሜትሮ ሊፍት፦ ግማሽ ዋጋ

በሰኔ 2023 የተጀመረው ሜትሮ ሊፍት ስናፕን፣ ማለትም በተለምዶ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን ድጋፍ፣ ለሚያገኙ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ባቡርም አውቶቡስም በግማሽ ዋጋ ያስሄዳል። አመዘጋገቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 2 ዶላር የሚሸጠውን ስማርትሪፕ ካርድ መግዛትና በስም ማስመዝገብ፤ ቀጥሎ በሜትሮ ድረ ገጽ ላይ የፎቶ መታወቂያና የፉድ ስታምፑን ካርድ ፎቶ መጫን፤ ከዚያ ባለሥልጣኑ ድጋፉ በሥራ ላይ መሆኑን እስኪያረጋግጥ መጠበቅ። ኮምፒውተር የማይቀናው ሰው በሜትሮ የደንበኞች አገልግሎት ቢሮ በአካል መመዝገብ ይችላል። ቅናሹ ለ12 ወር ይቆያል፤ ከዚያ መታደስ አለበት።

ማመልከቻ ከሚያስመልሱት ነገሮች ዋናው የስም አለመመሳሰል ነው። የአበሻ ስም በመታወቂያ ላይ ከአባትና ከአያት ጋር፣ በፉድ ስታምፑ ፋይል ላይ ደግሞ ተገልብጦ ወይም አያት ተቆርጦ ሊጻፍ ይችላል። ስሙ በሁለቱም ቦታ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ካልተገኘ ከማመልከቱ በፊት የድጋፍ ቢሮውን ማስተካከያ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል። ሌላው የጠፋ ካርድ ነው፤ ካርዱ በስም ካልተመዘገበ በውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ይጠፋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ደርሶ መልስ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በሙሉ ዋጋ 99 ዶላር ያወጣል፤ በግማሹ 49 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ከሩቅ ሰፈር በከፍተኛው የባቡር ታሪፍ የሚመላለስ ደግሞ ከ297 ዶላር ወደ 148 ዶላር ከ50 ይወርዳል።

በዲቪ የመጡ ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ እንደ ደንቡ ፉድ ስታምፕ ለማግኘት 5 ዓመት ይጠብቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን አይጠብቁም። ስለዚህ ለአባት «አይገባህም» ቢባልም ለልጆቹ ማመልከት ይቻላል።

ልጆችን ማሳፈር

በሜትሮ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ እስከ ሁለት ልጆች ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር በነጻ ይሳፈራሉ። 5 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ የዲሲ ነዋሪ ከሆነ ግን ኪድስ ራይድ ፍሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። ዕድሜው ከ5 እስከ 21 ሆኖ በዲሲ ትምህርት ቤት የተመዘገበ የከተማዋ ነዋሪ በሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ በነጻ ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ ዓይነት፣ የመንግሥትም ሆነ ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ ራሱን ችሎ የሚሠራ) ወይም የግል፣ ልዩነት የለውም። ካርዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሲጠፋም የሚተካው ከዚያው ነው፤ ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ፋይዳ የለውም።

ብዙ ወላጅ የሚስተው ነጥብ፣ ፕሮግራሙ ልጁን እንጂ አብሮ የሚሄደውን አባት አይጨምርም። ልጁን አድርሶ ወደ ሥራ የሚያልፍ አባት የራሱን ዋጋ ይከፍላል። እዚህ ላይ የ2 ሰዓቱን የመቀየሪያ ቅናሽ ካሰላው፣ ልጁን አውርዶ በዚያው ጉዞ ባቡር ሊይዝ ይችላል።

ጋሪ ይዞ የሚጓዝ በጣቢያዎች በአሳንሰር መውጣትና መውረድ አለበት፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃ መግፋት አይፈቀድም። አሳንሰር ሲበላሽ ሜትሮ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ አልፎ በአውቶቡስ መመለስን ያዘጋጃል። ይህ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ የሚችለውን ጉዞ ያስረዝመዋልና ከቤት ሳይወጡ የአሳንሰሮቹን ሁኔታ በድረ ገጹ ማየት ይመከራል።

ከዲሲ ውጭ

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሰኔ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ራይድ ኦን የሚባሉትን አውቶቡሶቹን ለሁሉም ሰው በነጻ አድርጓል። በሲልቨር ስፕሪንግ የትራንዚት ማዕከል የካውንቲውም የሜትሮም አውቶቡሶች ይቆማሉ፤ ስሙን ሳያይ የተሳፈረ ነጻ መስሎት በሜትሮው ሊከፍል ይችላል። በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ዳሽ የተባለውን የከተማ አውቶቡስ በነጻ ታስሄዳለች፤ እዚያ ካርድ የሚነካበት ማሽን እንኳ አያስፈልግም። እዚያው ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ለመለስተኛና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ነጻ የአውቶቡስ ፈቃድ ይሰጣል።

ዲሲ ራሷ በ2022 መጨረሻ በከተማዋ የሚነሱ አውቶቡሶችን ነጻ ለማድረግ ምክር ቤቷ ድምፅ ሰጥታ ነበር። ገንዘቡ አልተመደበለትምና አልተተገበረም። ነጻ አውቶቡስን የሚደግፉት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከሁሉ የሚቀል እርዳታ ነው ይላሉ፤ የሚቃወሙት ወጪው ለአገልግሎት ድግግሞሽ ቢውል ይመርጣሉ። ሁለቱም ወገን ውሃ የሚያነሳ ነጥብ አለው ማለት ይቻላል። በ1 ዶላር ያጓጉዝ የነበረው ሰርኩሌተር የተባለው የከተማዋ አውቶቡስ በበኩሉ በታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ቆሟል።

በሥራ በኩል

ዲሲ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከ2016 ጀምሮ የትራንስፖርት ጥቅም ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጣሪው ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ ሠራተኛው ከታክስ በፊት ከደመወዙ እንዲቆረጥለት ማድረግ፣ የትራንስፖርቱን ዋጋ ራሱ መክፈል፣ ወይም የራሱን መኪና ማቅረብ። ከታክስ በፊት ሊቆረጥ የሚችለው ከፍተኛው መጠን በ2025 በወር 325 ዶላር ነበር፤ ለ2026 340 ሆኗል። ቅጥር ሠራተኛ የሆነ የፓርኪንግ፣ የሆቴል ወይም የሱቅ ሠራተኛ ይህን ከቀጣሪው መጠየቅ መብቱ ነው። እንደ ተቋራጭ የሚቆጠር የራይድ ሾፌር ግን አያገኝም።

ኮምዩተር ኮኔክሽንስ የተባለው የአካባቢው የሥራ ተጓዦች ፕሮግራም የሚያስተዳድረው የተረጋገጠ የቤት መመለሻ አገልግሎት ደግሞ በተለይ ለወላጅ የተሰፋ ይመስላል። ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በብስክሌት ወይም በጋራ መኪና የሆነ ሰው፣ ድንገት ልጁ ትምህርት ቤት ታመመ ተብሎ ቢጠራ ወይም ሳያስበው ትርፍ ሰዓት ቢቆይ በነጻ መኪና ይላክለታል። አስቀድሞ መመዝገብና በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ለተያዘ የሐኪም ቀጠሮ አያገለግልም፤ ይህን ደንብ የማያውቁ ሰዎች ይከለከላሉ።

ፉድ ስታምፕ የሚያገኝና በፕሮግራሙ የሥራ ሥልጠና የሚከታተል ሰው ለጉዞ ያወጣው ገንዘብ ሊመለስለት ይችላል። ቀድሞ ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ ደረሰኝ ሳይያዝ ካለፈ በኋላ ማስመለስ ያስቸግራል። ካፒታል ባይክሼር የተባለው የጋራ ብስክሌት ለእንደነዚህ ዓይነት ድጋፍ ተጠቃሚዎች ዓመቱን በ5 ዶላር ያስመዘግባል። ለልጅ የሚሆን መቀመጫ ግን የለውም፤ ስለዚህ ለብቻ ለሚጓዝ ነው።

ለሐኪም ቀጠሮ

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለው ልጅ ወይም አባት፣ ሌላ የሚሄድበት መንገድ ከሌለው፣ ወደ ሕክምና የሚወስድ መጓጓዣ የማግኘት መብት አለው። ይህ በፌዴራል ደንብ የተያዘ ነው፤ ማን እንደሚያስተባብር ግን በየቦታው ይለያያልና መነሻው በሜዲኬይድ ካርዱ ጀርባ ያለው ስልክ ነው። ከቀጠሮው ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድሞ መደወል ይገባል። ሲደወል የሕክምና ተቋሙን ሙሉ አድራሻ፣ የቀጠሮውን ሰዓት፣ አብሮ የሚሄድ ወላጅ መኖሩንና የልጁን ዕድሜ መናገር ያስፈልጋል። የልጅ መቀመጫውን አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ ራሱ ነው ይዞ የሚገኘው። መኪናው ሲዘገይ ወዲያው ደውሎ ማስመዝገብ ይሻላል፤ ያለ ማስታወሻ የቀረ ጉዞ «ተሳፋሪው አልተገኘም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

መኪና፣ መንጃ ፈቃድና የልጅ ወጪ

በሜሪላንድ በ1999 የተቋቋመው ቬሂክልስ ፎር ቼንጅ የተለገሱ መኪናዎችን ጠግኖ ሥራና መንጃ ፈቃድ ላላቸው ዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በአነስተኛ ዋጋ ያስተላልፋል። አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚላኩት በማኅበራዊ ድጋፍ ቢሮ በኩል ነው። መኪናው ርካሽ ቢሆንም ኢንሹራንሱ፣ ታርጋውና ጥገናው የአባትየው ነው።

ከትዳር አጋሩ ተለይቶ የልጅ ወጪ የሚከፍል አባት ሌላ አደጋ አለበት። ውዝፍ ከተጠራቀመ መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፤ በቨርጂኒያ ለምሳሌ 90 ቀን ያለፈው ወይም 5,000 ዶላር የደረሰ ውዝፍ ለእገዳ ይዳርጋል። በሾፌርነት ለሚተዳደር ሰው ይህ እንጀራን መቁረጥ ነው። ገቢው የቀነሰ አባት የክፍያ ማሻሻያ ጥያቄውን ወዲያው ማስገባት አለበት፤ በፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ፍርድ ቤት አባትየው ካመለከተበት ቀን በፊት የተጠራቀመውን ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀንስለትም።

ልጆቹ በሌላ ከተማ ያሉት አባት አምትራክ በተባለው አገር አቀፍ ባቡር ሲያመላልሳቸው ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት በግማሽ ዋጋ ይጓዛሉ። ቤት አጥቶ በመጠለያ ያለ ቤተሰብ ልጅ ቀድሞ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት መጓጓዣ የማግኘት መብት በፌዴራል ሕግ አለው፤ ጥያቄው የሚቀርበው በየትምህርት ቢሮው ለዚሁ ለተመደበ ሰው ነው።

በመኪና ለሚጓዝ ልጅ ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እስከ 8 ዓመት የልጅ መቀመጫ ያስገድዳሉ። የቨርጂኒያ ጤና መሥሪያ ቤት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነጻ መቀመጫ ያድላል። ያገለገለ መቀመጫ ሲወሰድ የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ በፕላስቲኩ ጀርባ ወይም በሥሩ ታትሟልና መታየት አለበት፤ አደጋ የደረሰበት መሆኑ ካልታወቀም ባይወሰድ ይሻላል።

ቋንቋ

በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም በብዛት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዲሲ ቢሮ ወረፋ ላይ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አያስፈልግም።