«ማቆም ከተፈቀደ ማደር ምን ችግር አለው?» በካምፐር አውሮፓን ስለመዞር የሰለቹኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በጋ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የምሠራው ደቡብ ጀርመን ካምፐር፣ ማለትም ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና፣ በሚያከራይ ግቢ ውስጥ ነው። መኪናውን የማሳየው፣ ቁልፍ የማስረክበው፣ ሲመለስም ዙሪያውን የማየው እኔ ነኝ። አበሻ ተከራይ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። አንዱ ልጆቹን ይዞ ጣሊያን ሊወርድ ነው። ሌላው በየዓመቱ ከተማ እየቀየረ ወደሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል በዓል ሊሄድ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሆቴል አይቀመስም። ይህ ሁሉ ደስ ይለኛል። የሰለቸኝ ቁልፉን ስዘረጋ የምሰማው አንድ ንግግር ነው፦ «ፓርኪንግ እስከሆነ ድረስ ማን ምን ይለናል?»

ይላሉ እንጂ። ፖሊስ ይላል፣ ማዘጋጃ ቤት ይላል፣ የሰፈሩም ሰው ይላል። የቅጣቱ ደብዳቤ ግቢያችን ሲደርስ ደግሞ ለተከራዩ የምደውለው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

«ማቆም ከተፈቀደ ሁሉም ተፈቅዷል»

ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በአብዛኛው አውሮፓ መኪና ማቆም አንድ ነገር ነው፣ ካምፕ ማድረግ ሌላ ነው። የማቆም ፈቃዱ የተሰጠው ለመኪናው ነው። መኪናው መስመሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን አውርዶ ከቆመ በብዙ አገር እንደማንኛውም የቆመ መኪና ይታያል። ኑሯችሁን ወደ ውጭ ባወጣችሁ ደቂቃ ግን ካምፕ አድርጋችኋል። ለዚያ ሌላ ሕግ አለው፣ ሌላ ቅጣትም አለው።

ይህን አጥርቶ የጻፈው የጣሊያን የትራፊክ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 185። ሦስት ነገር ይጠይቃል። ካምፐሩ መሬት የሚነካው በጎማው ብቻ ይሁን። ከሞተሩ ጭስ በቀር ከራሱ ምንም አያፍስስ። ከራሱ ስፋት በላይ የመንገድ ቦታ አይያዝ። ሦስቱ ከተሟሉ መቆሙ ካምፕ ማድረግ አይባልም።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። የመደገፊያ እግሩን ካወረዳችሁ ወይም በክሪክ ካነሳችሁት የመጀመሪያው ፈረሰ። እጣቢ ከስር ከተንጠባጠበ ሁለተኛው ፈረሰ። የጎን ሸራ ከዘረጋችሁ ወይም ወንበርና ጠረጴዛ ካወጣችሁ ሦስተኛው ሄደ። ጎማ ስር የምትገባው ታኮ እንኳ አንዳንድ ቦታ ታጨቃጭቃለች። ሦስቱንም አሟልታችሁ ደግሞ ከተማው በምልክት ከከለከለ፣ ያው ተከልክሏል።

አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ። ጣሊያን ውስጥ ጋርዳ ሐይቅ ዳር ሄዱ። እናታቸው ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው አብረዋቸው ነበሩ። ውሃው አጠገብ የሚከፈልበት ፓርኪንግ አገኙ፣ እስከ ማግስቱ ከፈሉ፣ ትኬቱን መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ጠዋት ምንጣፍ ተነጠፈ። ረከቦቱ ወጣ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ሸራው ተዘረጋ። ሁለተኛው ጀበና ላይ ሁለት የከተማ ፖሊሶች መጡ።

አባወራው እየተናደደ ደወለልኝ። «ከፍያለሁ እኮ! ትኬቱን እያሳየሁት ነው!»

«ወንበር አውጥታችኋል?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ለእማማ አንድ በርጩማ ብቻ።»

ፖሊሶቹ ትክክል ነበሩ። ትኬቱ ለመኪናው ነው፤ ቡናውን፣ ምንጣፉንና ሸራውን አይሸፍንም። ያው ቡና በጋዝ ምድጃው ላይ እዚያው ውስጥ ቢፈላ፣ መስኮቱም ለአየር ቢከፈት፣ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ አበሻ ሲከራይ ሸራው ማንጠልጠያ ላይ እጄን አድርጌ «ይህ የሚዘረጋው ካምፒንግ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው» ሳልል ቁልፍ አልሰጥም። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ጀርመንም ያው መስመር አለ፣ አሠራሩ ግን ይለያል። እዚህ የደከመው አሽከርካሪ ለመንዳት እስኪበቃ መኪናው ውስጥ አንድ ሌሊት መተኛቱ ተቀባይነት አለው። ዓላማው እረፍት ነው፣ ሽርሽር አይደለም። ያው ቦታ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ሌሊት ካደራችሁ ደክሞኝ ነው ማለት አያዋጣም። ብዙ ሰው እየደጋገመ የሚነግረኝ «አሥር ሰዓት ይፈቀዳል» የሚለው ነገርም በትራፊክ ሕጉ ውስጥ የተጻፈ አይደለም። አንዱ ለሌላው እየነገረው የገነነ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ባለ ቦታ ስታድሩ አትጠጡ። ሌሊት ፖሊስ «ተነሱ» ቢል መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልጋል።

«አውሮፓ አንድ ነው፤ ድንበር እንኳ የለም»

ድንበር ላይ ጠባቂ የለም ማለት ሕጉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በአብዛኞቹ ማዘጋጃ ቤቶች ከተመደበው ቦታ ውጭ ካምፐር ውስጥ ማደር ክልክል ነው። ፈረንሳይ በጣም ለቀቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ከ7 ቀን በላይ መቆም አይቻልም። ባሕር ዳርና በቅርስነት በተከለሉ ቦታዎች አካባቢ ካምፕ ማድረግ ክልክል ነው፣ ከንቲባውም የራሱን ገደብ ይጨምራል። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ነገሩን ጥብቅ አድርጋው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ አሻሻለችው፤ አሁን በአንድ ማዘጋጃ ቤት ክልል እስከ 48 ሰዓት ማደር ይቻላል። የተጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎችና የባሕር ዳርቻው ግን አልተፈቀዱም፤ እዚያ የሚታደረው በተመደበ ቦታ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ፖርቱጋል የሚሄደው ለባሕሩ ነው።

«ስዊድንና ኖርዌይ ተፈጥሮው የሁሉም ነው፤ የትም ይታደራል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይብሳል። ሰው በተፈጥሮ ውስጥ እንደልቡ የመዘዋወር መብት አለው፤ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1957 በሕግ ጽፋዋለች። መብቱ ግን ለእግረኛ ነው። ለድንኳን ነው። ለሞተር አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሞተር ተሽከርካሪ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳና ጫካ ውስጥ መንዳትን የሚከለክል ሕግ አላት። ሳሩ ላይ ወጥታችሁ የምትነሱት ፎቶ ያምራል፤ የጎማው ዱካ ግን እርጥብ መሬት ላይ ዓመት ይቆያል።

«አፕ ላይ ካለ ሕጋዊ ነው»

አይደለም። ፓርክ ፎር ናይት በሚባለው የማደሪያ ቦታ መፈለጊያ አፕ ላይ ቦታውን የሚያስገባው እንደ እናንተ ያለ መንገደኛ ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ጥሩ ነው። ፈቃድ ግን አይሰጥም።

«ምልክት ካላየሁ አልተከለከለም»

ምልክቱ አንዳንዴ የተተከለው የከተማው መግቢያ ላይ ነው። እናንተ በ50 እያለፋችሁ ስለ እራት ስታወሩ ነበር።

«እጣቢ እኮ ሳሙና ብቻ ነው»

ይህ የምር ያናድደኛል። ካምፐር ሁለት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለው። አንዱ የወጥ ቤቱና የመታጠቢያው እጣቢ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ከሽንት ቤቱ ስር የሚሳበው ካሴት ነው። ካሴቱን መንገድ ዳር የሚደፋ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ እጣቢውን የሚለቅ ግን ሞልቷል። «ዝናብ መውረጃው ላይ ነው የለቀቅኩት» ይሉኛል፣ ጥንቃቄ ያደረጉ መስሏቸው።

የዝናብ መውረጃው ብዙ ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የወጡ ዘይት፣ የሽንኩርቱ ፍርፋሪ፣ የሻምፖው አረፋ አብሮ ይሄዳል። በማግስቱ ያ ፓርኪንግ ይሸታል። በሚቀጥለው ዓመት ካምፐር እንዳይገባ ከላይ በብረት ዘንግ ይዘጋል። እንዲህ የተዘጉ ቆንጆ ቦታዎች አውቃለሁ፤ የዘጋቸው ከኛ በፊት ያደረ ሰው ነው።

ካሴቱ የሚደፋው ለዚሁ በተሠራ ጣቢያ ብቻ ነው። ውስጡ የሚጨመረው ሰማያዊ ፈሳሽ ጠንካራ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል፤ የትንሽ መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራባቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ጣቢያው ላይ ሁለት ቧንቧ ታያላችሁ። አንዱ የመጠጥ ውሃ መቅጃ ነው፣ ሌላው ካሴት ማጠቢያ ነው። ካሴቱን በመጠጥ ውሃው ቧንቧ አትጠቡ። የቧንቧውን ጎማ ካሴቱ አፍ ውስጥ አትክተቱ። ከኋላችሁ የሚቀዳው ሰው ለልጁ ወተት ሊበጠብጥበት ነው።

«ሌሊት ሌቦች ጋዝ ነፍተው ያስተኛሉ»

ይህ ወሬ በየቋንቋው አለ። የብሪታኒያ የሰመመን ሰጪ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ተጠይቆ መልሷል፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያውቅ በመስኮት በሚነፋ ኤተር ወይም ክሎሮፎርም ራሱን ማሳት አይቻልም። መኪናው ውስጥ ያለው አየር ብዙ ነው፣ ሽታውና ማሳሉም ያነቃል። ሰው ተዘርፎ ሳይነቃ የሚቀረው በእንቅልፍ ክብደት ነው። በር ቆልፉ፣ ቦርሳ ከፊት ወንበር አንሱ፣ በቃ።

ካምፐር ውስጥ ሰው የሚገድለው ጋዝ የገዛ እጃችን የሚያመጣው ነው። ከሰል። እባካችሁ፣ ለቡና ብላችሁም ሆነ ለብርድ፣ ከሰል የያዘ ማንደጃ ወደ ካምፐር አታስገቡ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ከቆመ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። አገር ቤት በዚህ ስንት ሰው እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። የካምፐር ክፍል ደግሞ ከማንኛውም ጓዳ ይጠብባል። አንድ ተከራይ ዕጣን ሲያጨስ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው እየጮኸ ስላስቸገረው ባትሪውን አውጥቶ መለሰልኝ። በጣም ነው የተቆጣሁት፤ አሁንም ሳስታውሰው እቆጣለሁ። ያ ዕቃ የልጆቹ ዘበኛ ነው።

«የአውራ ጎዳና ማረፊያ ከሁሉም ይሻላል»

ለሻይና ለሽንት ቤት፣ አዎ። ለሌሊት፣ ሌላ ካጣችሁ ብቻ። ጫጫታ ነው፣ ሌብነቱም የሚበዛው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ የከባድ መኪና ቦታ አትያዙ። የአውሮፓ ሕግ የጭነት አሽከርካሪውን በቀን 11 ሰዓት አሳርፎ ያቆመዋል፤ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ወደ 9 ይወርድለታል። ሰዓቱ አልቆ ቦታ ካጣ ወይ ሕግ ይጥሳል ወይ መውጫው ላይ በአደገኛ ቦታ ይቆማል።

ታዲያ የት እንደር? ትሉኛላችሁ። ቦታማ ሞልቷል። ጀርመን ሽቴልፕላትዝ የሚባሉ ለካምፐር የተመደቡ ቦታዎች በየከተማው አሉ፤ ፈረንሳይም አይር የሚባሉት አሉ። ብዙዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ነፃም አሉባቸው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ፍራንስ ፓሲዮን የሚባል ትስስር አለ። ገበሬውና ወይን አምራቹ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ካምፐር ግቢው ውስጥ እስከ 24 ሰዓት በነፃ ያሳድራል። የመግዛት ግዴታ የለም። ሰላም ብላችሁ መግባት፣ አመስግናችሁ መውጣት ግን ግድ ነው። ለአበሻ ይህ ይጠፋዋል ብዬ አላስብም።

ሳይመሽ ድረሱ። ባዶ ሜዳ ላይ ከአንዱ ካምፐር ጎን ተለጥፋችሁ አትቁሙ። የሰው በረንዳ አትዝጉ። ጀርመን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው፤ በነሱ አቆጣጠር ከ22 እስከ 6። የካምፐር በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ደግሞ ውስጥ ያለ ሰው አይሰማውም፣ የጎረቤት ሕፃን ግን ይሰማዋል።

«የውጭ አገር ቅጣት አይደርስብኝም»

ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ70 ዩሮ ጀምሮ ያለ ቅጣትን አንዱ ለሌላው ማስከፈል ይችላሉ። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው መጀመሪያ ባለቤቱ ጋ ይመጣል። እኛም ስማችሁን ለመስጠት እንገደዳለን፤ ለዚያ ሥራ የሚታሰበውም ክፍያ በውላችሁ ላይ ተጽፏል። ጣሊያን በትራፊክ ሕጉ ለሚወጡ አብዛኞቹ ቅጣቶች በ5 ቀን ውስጥ ለከፈለ 30 በመቶ ትቀንሳለች። ወረቀቱን መስታወታችሁ ላይ ካገኛችሁት ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ፎቶ አንሱና የዚያኑ ቀን ላኩልኝ።